ጠግቤም ከቡና ቁርስ እጄ አልመለስ አለ

የምኖረው ጅማ ነው፤ ቤታችን ቡና ጠዋትና ከምሳ በኋላ ይፈላል። ጠግቤ ከገበታ ተነስቼ እንኳ ቆሎው፣ ፈንዲሻውና ማር የተቀባው ዳቦ ሲቀርብ ከአቦል እስከ በረካ እጄ አያርፍም። ረሃብ እንዳልሆነ አውቃለሁ፦ ሃይፖታላመስ (ረሃብንና ጥጋብን የሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል) የጥጋብን መልእክት ቢቀበልም፣ የቡናው ሽታና የተለመደው ሰዓት ዶፓሚን በተባለው የአንጎል ኬሚካል በኩል ጉጉትን ይቀሰቅሳሉ። የምሳው ጣዕም ቢሰለችም፣ አዲስ ጣዕም ሲመጣ አምሮቱ እንደገና ይነሳል። ምሳ ላይ ምስርና ጎመን ጨመርኩ፣ ውሃም ጠጣሁ፤ ሆዴ ተነፋ እንጂ አምሮቱ አልቀነሰም። ማሩን ሳስቀር ቆሎው ቦታውን ያዘ (ጨው ሲነካው ደግሞ አያድርስ ነው)። ከቡናው መቅረት አይታሰብም፤ ጎረቤት ይቀየማል። ታዲያ ቁርሱን ለየሰው በትንሽ ሳህን መስፈር ይሻላል ወይስ አንድ ዓይነት ብቻ ማቅረብ?