የወባ ተህዋስ ፕሮቲኑን ወደ ቀይ የደም ሴል እንዴት ነው የሚያወጣው?

የደሴዋ ተማሪ፦
ሰላም ናችሁ? ወንድሜ ለሥራ ባቲ ወርዶ ወባ ይዞት መጣ፣ ፋልሲፓረም የሚባለው ዓይነት ነው ተባለ፣ እኔም በዚያው ማንበብ ጀመርኩ። አንድ ነገር ግን አልገባ አለኝ። ተህዋሱ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ሲገባ በከረጢት ተጠቅልሎ ነው የሚቀመጠው። ታዲያ ፕሮቲኑን ከከረጢቱ አልፎ ሴሉ ገጽ ድረስ በምን ያደርሰዋል? ደግሞስ ምን አለፋው? ሄሞግሎቢኑን እየበላ አርፎ አይቀመጥም?

ጊምሳ፦
አላህ ያሽረው እህቴ። ከሁለተኛው ልጀምር። አርፎ ቢቀመጥ ጣፊያ አይምረውም። የተያዘ ሴል እየደደረ ይሄዳል፣ ጣፊያ ደግሞ እንዲህ ያለውን ለቅሞ ያስቀራል። ስለዚህ ፒኤፍ ኢኤምፒ 1 የሚባል ፕሮቲን ወደ ሴሉ ገጽ ይልካል፤ ሴሉ በእሱ እንደ ጨጎጎት የደም ስር ግድግዳ ላይ ይጣበቃል። እኔ ኮምቦልቻ ላብራቶሪ ነው የምሠራው። የፋልሲፓረም ስላይድ በማይክሮስኮፕ ሳይ አብዛኛውን ጊዜ የማገኘው ቀለበት የሚመስሉትን ጨቅላዎቹን ብቻ ነው። ያደጉት ከጣት በወጋሁት ደም ውስጥ የሉም፣ አንጎል ውስጥ ወይ ነፍሰ ጡር ከሆነች የእንግዴ ልጁ ላይ ተጣብቀዋል። ስላይዱ ላይ ጥቂት ነው ብሎ መዘናጋት አይቻልም። ቫይቫክስ በሚባለው ሌላው የወባ ዓይነት ግን ትልቅ ትንሹን ሁሉ ታያለሽ።

ቀዝቃዛው ጦሳ፦
ደሴ ብርድ ላይ ቁጭ ብላችሁ የወባ ጨዋታ 😂

ባዮሎጂ መምህር፦
አብሽሪ፣ መንገዱን እኔ ልንገርሽ። ቀይ የደም ሴል ባዶ ቤት ነው። ኒውክሊየስ የለው፣ ፕሮቲን ማመላለሻ የለው። ተህዋሱ ሁሉንም ራሱ ነው የሚዘረጋው። ወደ ውጭ የሚሄዱት አብዛኞቹ ፕሮቲኖች ፔክሰል የሚባል አጭር መለያ አላቸው፣ በ2004 ነው የታወቀው። ገና ተህዋሱ ውስጥ እያሉ ፕላዝሜፕሲን 5 የሚባል ኢንዛይም መለያው ላይ ይቆርጣቸውና ወደ ከረጢቱ ይወጣሉ። ከረጢቱ ሽፋን ላይ ደግሞ ፒቴክስ የሚባል በር አለ፣ እሱ በ2009 ተገለጸ። በሩ ጠባብ ነው። የጥጥ ልቃቂት እንዳለ በመርፌ ቀዳዳ አይገባም አይደል? ፈትተሽ ጫፉን ይዘሽ ነው የምትስቢው። ኤችኤስፒ 101 የሚባለው ሞተር ልክ እንደዚያ የተጠቀለለውን ፕሮቲን እየተረተረ ኤክስፒ 2 በሚባለው ቀዳዳ ያሳልፈዋል። ማዶ ሲደርስ መልሶ ይጠቀለላል። ከዚያ ብዙዎቹ የማውረር ስንጥቆች በሚባሉ ሌሎች ከረጢቶች በኩል ወደ ሴሉ ገጽ ይሄዳሉ። ማውረር የተባለው ተመራማሪ እነዚህን በማይክሮስኮፕ ያያቸው በ1902 ነው፣ ያኔ ነጠብጣብ ብቻ ነበሩ። ሁሉም ግን ፔክሰል የላቸውም፤ ያ ጨጎጎቱ ራሱ የለውም፣ ሆኖም ያለ ፒቴክስ ገጹ ላይ አይወጣም። በሩ ሲዘጋ ተህዋሱም ማደጉን ያቆማል፣ መድኃኒት ፈላጊዎች የሚጎመጁት ለዚህ ነው።

የደሴዋ ተማሪ፦
ልቃቂቷ ገባችኝ፣ ተባረክ! አንድ ልጨምር፦ ወንድሜን መጀመሪያ አንድ ቦታ በፈጣን ምርመራ የለብህም ብለውት ነበር። ይሄስ?

ጊምሳ፦
የሱን ምክንያት ከዚህ ሆኜ ማወቅ አልችልም። ግን ብዙ ፈጣን ምርመራዎች ፋልሲፓረምን የሚይዙት ኤችአርፒ 2 በሚባል ፕሮቲን ነው፣ እሱም ከሚላኩት አንዱ ነው። የዚህ ፕሮቲን ጂን የጠፋበት ተህዋስ አገራችን ውስጥም ተገኝቷል። ኪቱ ነጋቲቭ ብሎ ትኩሳቱ ካልለቀቀ ስላይድ ይታይልኝ በሉ።

የደሴዋ ተማሪ፦
ስላይድ ነው ያወጣው። ሁለተኛው ቀን ላይ።