ጣሊያንን ያለ መኪና፣ በባቡር ለመጎብኘት

ጥያቄ፦ የምንኖረው ለገጣፎ ነው። ከባለቤቴ ጋር ሮምን፣ ፍሎረንስንና ቬኒስን መኪና ሳንከራይ በባቡር ለመጎብኘት አስበናል፤ ትኬቱን ከዚሁ አስቀድመን ብንገዛ ይሻላል ወይስ እዚያ ስንደርስ?

መልስ፦ የፈጣኑን ባቡር ትኬት አስቀድማችሁ ግዙ፤ ጊዜው በቀረበ ቁጥር ዋጋው ይወደዳል። ከሮም ፍሎረንስ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ብቻ ስለሚወስድ፣ በእኔ እምነት፣ መኪና አለመከራየታችሁ ትክክል ነው። ከሮም ፊዩሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ከተማዋ ዋና የባቡር ጣቢያ ተርሚኒ ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ የተባለው ባቡር በ32 ደቂቃ ያደርሳችኋል።

መልስ፦ ከላይ በተባለው ላይ ልጨምር። በየከተማው እየቆሙ ለሚሄዱት መደበኛ ባቡሮች መቸኮል አያስፈልግም፤ ነገር ግን የወረቀት ትኬት ከያዛችሁ፣ ከመሳፈራችሁ በፊት ጣቢያው ውስጥ ባለው ትንሽ ማሽን አስገብታችሁ ቀንና ሰዓት ካላሳተማችሁበት ልትቀጡ ትችላላችሁ።

መልስ፦ ቬኒስ ስትሄዱ ከውሃው ማዶ የብስ ላይ ባለው መስትሬ ጣቢያ እንዳትወርዱ፤ የከተማዋ ዋና የውሃ መንገድ ከሆነው ከታላቁ ቦይ ዳር የሚያደርሳችሁ ሳንታ ሉቺያ ጣቢያ ነው።