ኮዱ ይሠራል፣ ያመጣው ልጅ ግን አያውቀውም። በምን ትለያላችሁ?

የከዚራው

ሰላም ወገን። ድሬዳዋ ላይ ለጅምላ ነጋዴዎች የሽያጭና የዱቤ ሶፍትዌር እሠራለሁ። ቢሮ የምላት ከዚራ ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ ሁለት ኮምፒውተርና አንድ የማያርፍ ቬንቲሌተር። በቅርቡ አንድ ወጣት ቀጠርኩ። ታታሪ ነው፣ ሰው አክባሪም ነው።

ከፊራ ገበያ ያለ ደንበኛችን ሩዝና ዘይት በዱቤ ያከፋፍላል። ደብተሩ የሚጻፈው በእኛ ቀን ነው፣ ዳታቤዙ ግን በፈረንጅ ነው የሚይዘው። ልጁን ቀን የሚቀይር ኮድ አምጣ አልኩት። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ጨርሷል! ሲያዩት ያምራል። ከየመስመሩ በላይ ማብራሪያ ተጽፎበታል። የዕለቱን ቀን ሞከርኩት፣ ልክ ነው።

ወረድ ስል ከዓመቱ ላይ 8 ሲቀነስ አየሁ። በቃ፣ ሌላ ነገር የለም። «ለምን 8?» አልኩት። «ከፈረንጅ በ8 ዓመት ስለምንለይ» አለኝ። «መስከረምና ጥቅምት ላይስ?» ዝም።

ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7 ነው። ይህን እናቴም ታውቀዋለች። ልጁም ያውቀዋል፣ ስጠይቀው ወዲያው ነው የገባው። ያስገረመኝም እሱ ነው። እውቀቱ አለው፤ ኮዱን ግን እንደ ራሱ ሥራ አላነበበውም። በዚህ ብንገፋ ኖሮ ጥቅምት 2016 የተወሰደ ዱቤ ጥቅምት 2015 ተብሎ ይመዘገብ ነበር። ከሐረር እየመጣ የሚወስድ ሱቅ ሁሉ በአንድ ጊዜ የዓመት ውዝፍ ያለበት ሆኖ ቁጭ!

ከኤአይ እንዳመጣው አልደበቀኝም። ልከለክለው አልፈልግም፣ እኔም እጠቀማለሁ። ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ ሰው ያመጣው ኮድ ገብቶት ይሁን ሳይገባው በምን ታውቃላችሁ? «አስረዳኝ» ማለት አላዋጣኝም። ማብራሪያውንም የጻፈለት ያው ማሽን ነው፤ እሱን ሸምድዶ ይመጣል።

የጀጎል ጎረቤት

አቦ፣ «አስረዳኝ» ድሮም ደካማ ፈተና ነው። «የሚሳሳትበትን ቀን ፈልገህ አምጣልኝ» በለው። ኮዱ ያልገባው ሰው የት ጋ እንደሚሰበር አይገምትም። የገባው ግን ጥያቄህን ሳትጨርስ ይነግርሃል።

ላንተም አንድ ልስጥህ። ጃንዋሪ 7፣ 2024ን አስገባ። ገና ነው። ታኅሣሥ 29 ብሎ ካወጣ ተሳስቷል፤ በ2016 ገና የዋለው ታኅሣሥ 28 ነው። ምክንያቱ የ2015 ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበረች መስከረም 1 በሴፕቴምበር 12 ዋለ። ብዙ ኮድ ግን ሴፕቴምበር 11 ብሎ ቸክሎት ይሄዳል። እንዲህ ያለው ሦስት ዓመት ደህና ይሠራና በአራተኛው በአንድ ቀን ይዛነፋል። ቀጣዩ 2020 መስከረም ላይ ነው። እስከዚያ ልጁ ሌላ መሥሪያ ቤት ገብቷል፣ ስልኩ የሚጮኸው ያንተ ነው።

ደግሞ ከዓመት ላይ እየቀነሱ መሄድ ራሱ መንገዱ አይደለም። ቀኑን ወደ ተከታታይ የቀን ቁጥር ለውጦ፣ ከዚያ ወደ እኛ አቆጣጠር መመለስ ነው። ሰባትና ስምንት የሚባል ጣጣ አይኖርም።

ገና ተማሪ ነኝ

ጋሼ አትቆጣኝና፣ ነገሩ በኤአይ አልተጀመረም። ስታክ ኦቨርፍሎው (ፕሮግራመሮች የሚጠያየቁበት ድረ ገጽ) ከተከፈተ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እናንተም ስትገለብጡ ነው የኖራችሁት። ባይትን ወደ ኪሎባይትና ሜጋባይት የሚቀይር በጣም የተገለበጠ የጃቫ ኮድ አለ፣ በ2010 እ.ኤ.አ. የተለጠፈ። 999,999 ባይት ስትሰጠው 1 ሜጋባይት ማለት ሲገባው 1000 ኪሎባይት ይልሃል። በሺህ የሚቆጠር ሰው እንዳለ ወስዶታል። በ2019 እ.ኤ.አ. ስህተት እንዳለበት የተናገረው ጻፊው ራሱ ነው።

ሌላው፣ ሻይ ጠጥተህ ሳትጨርስ ሲያልቅ ደስ ብሎሃል አይደል? ኮዱን ተረድቶ ለመጻፍ ሁለት ቀን ቢፈጅበት «ምን አቆየህ» ትለው ነበር። እኛ የምንፈራው እሱን ነው።

ዳታቤዝ ላይ የምውል

የተማሪው ሁለተኛው ነጥብ እውነት ነው። የመጀመሪያው ግን ግማሽ ነው። ከስታክ ኦቨርፍሎው ስትወስድ ቢያንስ ከሥሩ «ይህ እዚህ ጋ አይሠራም» ብሎ የሚሟገት ሰው ታገኝ ነበር። ኤአይ መልሱን ለብቻው ነው የሚሰጥህ፣ ያውም በሙሉ ልብ።

ከዚራው፣ ከቀኑ ሌላ የደንበኛ መፈለጊያችሁን ፈትሽ። በቁቤ ሲጻፍ መሐሉ ላይ ሁዻ ያለበት ስም አስገባ። ድሬ ላይ እንዲህ ያለ ስም ሞልቷል። ሁዻው ኮምፒውተሩ ላይ ያው ነጠላ ጥቅስ ነው። ኮዱ ስሙን ኤስኪውኤሉ (ዳታቤዙ የሚታዘዝበት ጽሑፍ) ውስጥ ዝም ብሎ የሚለጥፍ ከሆነ እዚያው ይሰበራል። መሰበሩ ደግሞ ቀላሉ ነው፤ በዚያው ቀዳዳ ክፉ ሰው ሙሉ ሠንጠረዥ ሊያጠፋ ይችላል። መፍትሔው ስሙን በፓራሜትር፣ ማለትም ከትእዛዙ ለይቶ መላክ ነው።

አዲስ ላይብረሪ (ሌላ ሰው የጻፈው ዝግጁ ኮድ) ካስገባም ስሙን አጣሩ። ኤአይ አንዳንዴ የሌለ ላይብረሪ ፈጥሮ ይጠራል። ያንን ስም ቀድሞ አስመዝግቦ ውስጡ የፈለገውን የሚያስቀምጥ አይጠፋም።

የከዚራው

አመሰግናለሁ፣ ሁላችሁንም። የገናውን ሞከርነው፣ 29 አለ! ልጁ ራሱ ሳቀ። ከዚያ «የሚሳሳትበትን ሌላ ቀን አምጣ» ብዬ ተውኩት። ጳጉሜን 6፣ 2015ን ይዞ መጣ፤ ኮዱ ያንን ቀን መስከረም 1 ይለዋል። አሁን በቀን ቁጥር መንገድ እንደ አዲስ እየጻፈ ነው። ኤአዩን ከፍቶ ነው የሚሠራው፣ ግን ሲከራከረው እሰማለሁ።

ተማሪው፣ የሻዩ ነገር ገብቶኛል። ለዚህ ሥራ እስከ ሐሙስ ሰጥቼዋለሁ፣ ለደንበኛውም ደውዬ ነግሬያለሁ።

የሁዻውን ማታ ሱቁ ሲዘጋ እሞክረዋለሁ። የደንበኛ መፈለጊያውን የጻፈው ከልጁ በፊት የነበረ ሰው ነው፣ ኤአይ የሚባል ነገር ሳይመጣ።