ቲ-55ቴ ቸኮሌት መሰለ፤ ይድናል?

ማራኪ35፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከጎንደር ነው፣ ከማራኪ። እስከ ዛሬ የእናንተን እያነበብኩ ብቻ ነበር የከረምኩት። አሁን ግን ጨነቀኝና መጣሁ።

አጎቴ ዓምና ከውጭ ሲመጣ "ምን ይዤልህ ልምጣ?" አለኝ። "ታንክ" አልኩት። እሱ ሳቀ። እናቴ ግን አልሳቀችም፤ "ሰው ጫማ አምጣልኝ ይላል" አለች። ለማንኛውም ቃሉን ጠብቆ 1 ለ35 የሆነ (ከእውነተኛው 35 እጥፍ ያነሰ) የሚገጣጠም የፕላስቲክ ቲ-55 ታንክ ይዞልኝ መጣ። ገጣጥሜ ለመጨረስ አራት ወር ፈጀብኝ። የምሠራው ማታ ማታ ነው፣ እሱም መብራት ካለ። አንዷ የፊት መብራት ከወረንጦው ተስፈንጥራ ጠፍታ ከሦስት ሳምንት በኋላ ካልሲዬ ውስጥ አገኘኋት።

እስከዚህ ድረስ ደህና ነበር። የተበላሸው ቀለሙ ላይ ነው። የሞዴል ቀለም እዚህ አይገኝም። ስለዚህ ፒያሳ አንድ ቀለም ቤት ገብቼ ለብረት በር የሚቀባውን አረንጓዴ ጠየቅኩ። ሻጩ "ስንት በር ነው?" አለኝ። ታንክ ነው ማለት አፈርኩና "አንድ፣ ትንሽዬ" አልኩት። በአኳራጅ አቅጥኜ በብሩሽ ሁለት ዙር ቀባሁት። እውነቱን ለመናገር አላሳፈረኝም።

በማግስቱ ግን ቸኮልኩ። ቪዲዮ ላይ እንዳየሁት፣ ቡናማ የዘይት ቀለም በአኳራጅ ውሃ እስኪመስል አቅጥኜ በየስንጥቁ ይግባ ብዬ ሁሉንም ቦታ አዳረስኩት። ስንጥቁ ውስጥ ጥላ ይሰጣል የተባለው ነገር አረንጓዴውን ነቅሎት ተነሣ። ብሩሹ በነካው ቁጥር ነጭ ፕላስቲክ ብቅ ይላል። ደነገጥኩ። ለመሸፈን ከግቢያችን አፈር ዘግኜ በኮላ ለውሼ ለቀለቅኩት። ከጎማ እስከ ቱሬት (መድፉ ያለበት፣ የሚዞረው የላይኛው ክፍል) አንድ ዓይነት ቡናማ ሆነ። ታናሽ እህቴ አይታው "ይበላል?" አለችኝ።

ጥያቄዬ፦ ይሄ ነገር ይድናል ወይስ ልጣለው? እውነተኛ ታንክ ላይስ ጭቃው የት የት ነው የሚይዘው? ኤርብራሽ (ቀለም በአየር የሚረጨው መሣሪያ) የለኝም፤ ያለሱ አይሆንም ካላችሁኝ እርሜን አወጣለሁ።


አራዳው፦

ጭቃ ለመቀባት ይሄን ያህል መከራ? ነሐሴ ነው ወንድሜ፣ አዘዞ መንገድ ላይ አስቀምጠውና ማታ ሂድ አንሣው። ሚኒባሶቹ በነጻ ይጨርሱልሃል።


ጡረተኛው መካኒክ፦

አራዳው ቀልዱን ነው፣ ግን ግማሹ እውነት ነው። ጭቃን ጎማ ነው የሚቀባው፣ ሰው አይደለም። እመለስበታለሁ።

ልጄ፣ አትጣለው። መጀመሪያ የተሳሳትከውን እንይ። የበር ቀለም የሚቀጥነው በአኳራጅ ነው። የሚያቀጥነው ነገር ገና ሳይጠነክር ካገኘው መልሶ ይፈታዋል። በላዩ ላይ ያፈሰስከውም እዚያው አኳራጅ ነው። ታዲያ ለምን አይነቀል? ደግሞ ክረምት ነው። ቆርቆሮው ላይ "24 ሰዓት" ብሎ ቢጽፍም በዚህ እርጥበት አትመነው። ጋራዥ ውስጥ በር ቀብተን በሦስተኛው ቀን ጣታችን ሲታተምበት አይቻለሁ። ናይትሮ (ኃይለኛውን የቀለም ማቅጠኛ) ባለማፍሰስህ ግን አምላክህን አመስግን። ናይትሮ ፕላስቲኩን ራሱን ያቀልጠዋል። እንዲያውም የተረፈህን የፕላስቲክ ፍሬም ቆራርጠህ በጠርሙስ ናይትሮ ውስጥ ብታሳድረው ስንጥቅ መድፈኛ ይሆንልሃል። ከስቱኮ ይሻላል፣ አይሰነጠቅም።

አሁን እንዲህ አድርግ። ኮላ ውሃ ይፈራል። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈህ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ቀስ ብለህ ጭቃውን አንሣ። ከዚያ ሁለት ሳምንት አትንካው። አዎ፣ ሁለት ሳምንት። ሲጠነክር በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት እያረጠብክ ለስለስ አድርገው፣ በላዩ በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ቀባ። የሠዓሊዎቹ ቱቦ ይበቃሃል። ስስ አድርገህ አራት ጊዜ፤ ወፍራም አንድ ጊዜ ከቀባህ የብሎኖቹ ጭንቅላት ይጠፋል። አክሪሊኩ ሲደርቅ በላዩ ላይ ያሻህን የዘይት ቀለም በአኳራጅ አቅጥን፣ አይነቀልም። ሙሉውን ግን አታጥበው። በቀጭን ብሩሽ ጫፍ ስንጥቁና የብሎኑ ሥር ላይ ብቻ ነካ አድርግ፤ ራሱ ይሮጣል። ኤርብራሽ ቢኖር ጥሩ ነበር፤ ከሌለ ግን እርም ማውጣት አያስፈልግም።

ወደ ጭቃው ልምጣ። እኔ ቲ-55 ሥር ተኝቼ ብዙ ዘመን አሳልፌያለሁ። አንድም ቀን ሁሉም ቦታ እኩል የቆሸሸ ታንክ አላየሁም። ብትቀባ ምክንያት ይኑርህ። ሰንሰለቱን የሚያዞረው ባለ ጥርስ ጎማ ከኋላ ነው። ስለዚህ ወፍራሙ ጭቃ ከኋላ በኩል፣ ከጭቃ መከላከያው ሥርና በጎማዎቹ መሐል ይጠራቀማል። ቱሬቱ ላይ የሚደርሰው አቧራ ነው፣ ጭቃ አይደለም። አቧራውም ጠፍጣፋው ላይ ያርፋል። ሰው የሚረግጥበት ቦታ ግን ይጠረጋል። ሹፌሩ የሚገባው ከፊት በግራ ነው፤ የሱ ክዳን ዙሪያ ቀለሙ ተልጦ ብረቱ ያብለጨልጫል። አዛዡ የሚወጣው በግራው፣ መድፍ አጉራሹ በቀኙ የቱሬት ክዳን ነው። እዚያም እንደዚሁ።

በቀኝ ጭቃ መከላከያ ላይ ያሉት ጠፍጣፋ ሳጥኖች የነዳጅ ታንከር ናቸው። ናፍጣ ሲሞላ ሁልጊዜ ይፈስሳል። የፈሰሰው አቧራ ይይዝና ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ከክዳኑ ወደ ታች አንድ ሁለት መስመር ይበቃል። ጭስ ማውጫው በግራ ጭቃ መከላከያ ላይ፣ ወደ ኋላ ነው። እዚያ ጥላሸት ቀባ።

ሰንሰለቱን ቀይ ዝገት እንዳትቀባው፣ አደራ። የሚሄድ ታንክ ሰንሰለት መሬት የሚነካውና ጎማ የሚሄድበት ቦታ እንደ ማረሻ ጫፍ ያበራል። ዝናብ ካደረበት ስስ ቡናማ ይሆናል፣ በማግስቱ መቶ ሜትር ሲሄድ ይጠፋል። ቀይ ዝገት ሞተው መንገድ ዳር ለቀሩት ነው።

አፈሩን ደግሞ የት እንደሄደ ወስነህ ምረጥ። ደንቢያ ሜዳ ከሆነ ዋልካ ነው፤ ሲረጥብ ጥቁር፣ ሲደርቅ አመድማ። ደጋው ላይ ከሆነ ቀላ ያለ። ሁለቱን አንድ ታንክ ላይ ካየሁ እስቃለሁ። በሻይ ማጥለያ ሳይሆን በአሮጌ የናይለን ካልሲ ንፋው። አስበው፣ አንድ ሚሊ የሆነች አሸዋ እዚያ ታንክ አጠገብ የ3 ሳንቲም ተኩል ድንጋይ ናት። አንተ የለቀለቅከው አፈር ሳይሆን ኮረት ነው።


ካርቶን_ታንክ፦

ጋሼ ይሄን ሁሉ በነጻ! ለሰንሰለቷ ብቻ ሦስት ቪዲዮ አይቼ ነበር፣ አንዱም "እንደ ማረሻ ጫፍ" አላለኝም።

ማራኪ35፣ እኔም ጎንደር ነኝ፣ ስለዚህ ብቻህን አይደለህም። እኔ ግን አጎት የለኝም፤ የምሠራው በካርቶንና በቆርቆሮ ነው። አሁን የያዝኩት የጣሊያኑን ኤል3/35 ነው። የፒያሳውን ፖስታ ቤት የሠሩት ሰዎች ይዘዋት የመጡት ትንሿ ታንክ። ርዝመቷ 3 ሜትር ከ17፣ ከፍታዋ 1 ሜትር ከ30 ነው። በ1 ለ35 ስትመጣ 9 ሳንቲም ገደማ ትሆናለች። ሁለት የክብሪት ቤት ብትገጥም ከሷ ይረዝማል። ያንተው ቲ-55 አጠገቧ ቢቆም መድፉ ብቻውን ያስፈራታል።

የመረጥኳት ቱሬት ስለሌላት ነው፤ ሁሉም ነገር ጠፍጣፋ ነው፣ ለካርቶን ይመቻል። ለሠሪ የሚመቸው ግን ለተዋጊ አልተመቸም። ሁለት 8 ሚሊ መትረየስ ወደ ፊት ብቻ ያያሉ። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ደምበጉና ላይ የራስ እምሩ ሰዎች ይሄን ገብቷቸው ከኋላ ነበር የወጡባት። አያቴ ጣሊያን ጎንደር ላይ እጁን የሰጠበትን ኅዳር 1934ን ያስታውሱ ነበር፣ ይቺ ታንክ ግን ትዝ አትላቸውም። "ብረት ብረት ነው" ይሉኝ ነበር።

ብዙ ሪቬት (ብረቱን የሚያያይዝ ክብ ጭንቅላት ያለው ምስማር) አላት። ኮላ በስቴኪኒ ጫፍ ነክቼ ጠብ ጠብ አደርጋለሁ፤ ሲደርቅ ድፍት ያለ ግማሽ ክብ ይሆናል። በአንድ ማታ ከ60 በላይ አይወጣልኝም፣ ዓይኔ ይደክማል። በነገራችን ላይ አስተውላችኋል? አኳራጅ፣ ኮላ፣ ስቱኮ፣ ፒንሳ፣ ስቴኪኒ። ታንካቸውን የምሠራው እነሱ ትተውት በሄዱት ቃል ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ለተላጠው ቀለም ብሩሽ አትጠቀም። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ቆንጥር፣ ጥቁር ቡናማ ንካ፣ ወረቀት ላይ አብዛኛውን አራግፍ፣ ከዚያ ጠርዝ ጠርዙን ብቻ ነካ ነካ። በብሩሽ ስትሠራው እጅህ ሳያውቅ መስመር ይይዛል፣ የነብር ቆዳ ይሆንብሃል። ክዳኑ ላይ ትልቅ ልጣጭ ካማረህ ደግሞ ሥሩን ቡናማ ቀባ፣ የፀጉር ስፕሬይ ንፋበት፣ ሲደርቅ አረንጓዴውን አክሪሊክ ደርብ፣ ከዚያ ለብ ባለ ውሃና በጠንካራ ብሩሽ ፈግፍግ። ስፕሬዩ ሲሟሟ ላይኛው ቀለም ይላጣል። በበር ቀለም ግን አይሠራም፣ ሞክሬ አዝኛለሁ።


አራዳው፦

እኔ ቀልጄ ልሄድ ነበር፣ አሁን ካርቶን ልፈልግ ነው። 1 ለ35 ለምን ሆነ ግን? ለምን 1 ለ30 ወይም 40 አይሆንም?


ጡረተኛው መካኒክ፦

ይሄን እንኳ ከልጄ ነው የሰማሁት። ታሚያ የሚባለው የጃፓን ሞዴል አምራች እ.ኤ.አ. በ1961 በሞተር የሚሄድ የፓንተር ታንክ ሲሠራ፣ ባትሪው የሚገባበትን ያህል አድርጎ ቆረጠው። በኋላ ሲለካ 35ኛ ሆኖ ተገኘ። ሌላው ተከተለ። ባትሪ ነው የወሰነው።


ማራኪ35፦

መስቀል አልፎ ተመለስኩ። ጋሼ፣ እንዳሉት አደረግኩ። ሁለት ሳምንቱን እንዴት እንደቻልኩት አይጠይቁኝ፣ ሳጥን ውስጥ ቆልፌ ቁልፉን ለእህቴ ሰጠኋት። ጭቃው ተነሣ። አረንጓዴው እዚህም እዚያም ቀርቶ ነበር፣ በብርጭቆ ወረቀት ተስተካከለ። አክሪሊኩን አምስት ዙር ቀባሁት፣ በአራቱ ነጩ ይታይ ነበር። ዋልካውን የዘመድ ገበሬ ከደንቢያ በፌስታል ላከልኝ። ለምን እንደፈለግኩት ሲጠይቀኝ አሁንም ዋሸሁ፣ "ለአበባ" አልኩት።

ካርቶን_ታንክ፣ ስፖንጁ ይሠራል! የመጀመሪያውን ቀን ግን በዛብኝ። አጥቤ ደገምኩት። ሥራሽን አንድ ቀን አምጪና ጎን ለጎን እናቁማቸው።

ፎቶዎቹን ለጥፌያለሁ። ጭሱን፣ ናፍጣውን፣ የሹፌሩን ክዳን፣ ሁሉንም እንዳሉት ነው። ይፍረዱኝ።


ጡረተኛው መካኒክ፦

ሰንሰለቱ ግሩም ነው። ከኋላ የጠራቀምከው ዋልካም እንደዚያው፤ አይቼው ጀርባዬን አመመኝ፣ ስንቱን በአካፋ ፍቄዋለሁ።

ግን ፊት ለፊት ቆመህ ነው ግራና ቀኝ የለየኸው። ጭሱ ነዳጁ ላይ ወጥቷል። እንደ ሹፌሩ ተቀመጥና ቁጠር።