«ቅጹን ልጁ ይሙላው» ስለተባለው

የተማሪ እናት፣ ከአራት ኪሎ፦ በመጪው ቅዳሜ ጠዋት ስድስት ኪሎ አካባቢ ስለ አሜሪካ ኮሌጆች የገንዘብ ድጋፍ የሚሰጠውን ወርክሾፕ በተመለከተ፣ በወላጆች ቡድናችን ውስጥ «ቅጹን ልጁ ይሙላው፤ ወላጅ ሄዶ ምን ያደርጋል?» ተብሎ የተጻፈውን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ቅጹ የሚጠይቀው እኮ የእኔንና የባለቤቴን ገቢ፣ የቤታችንን ግምትና በባንክ ያለንን ተቀማጭ ነው። የ17 ዓመት ልጅ ይህን ከየት አምጥታ ትሞላዋለች?

ባለሱቅ፣ ከፒያሳ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም በቃሌ ነኝ። ቅዳሜ ለእኔ ዋና የሥራ ቀን ነው። ዓምና «በነፃ» ተብሎ ወደተጠራሁበት ተመሳሳይ ስብሰባ ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ። ከልጄ ጋር ሦስት ሰዓት ከተቀመጥን በኋላ ደረሰኝ የያዘች ልጅ በሩ ላይ ቆማ «ጉዳያችሁን እንድንከታተል» በማለት ክፍያ ጠየቀችን። ልጄ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ «ነፃ» የሚለውን ቃል አላምንም።

መምህር፣ ከስድስት ኪሎ፦ የደረሰብዎት ያሳዝናል፤ ያ ግን የደላላ ሥራ ነው። «ቅጹን ልጁ ይሙላው» ስላሉት ግን ዝም አልልም። ተማሪዎቼ ብቻቸውን ሲሞክሩ ብዙዎቹ መጀመሪያ የሚገቡት ፋፍሳ (FAFSA) ወደሚባለው የድጋፍ ማመልከቻ ቅጽ ነው፤ ፋፍሳ ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት ለዜጎቹና በሕግ ለተለዩ ነዋሪዎች ያዘጋጀው በመሆኑ፣ ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት ይዞ ከዚህ ለሚያመለክት ልጅ አያገለግልም። ለእኛ ልጆች የሚጠየቀው ኮሌጆች የቤተሰብን የመክፈል አቅም የሚያዩበት ሲኤስኤስ ፕሮፋይል (CSS Profile) የሚባል ቅጽ ነው፤ አለዚያም የኮሌጁ የራሱ ቅጽ። ከዚህም የሚብስ አለ። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተንና ኤምአይቲን የመሳሰሉ ጥቂት ተቋማት ተማሪ ሲመርጡ የውጭ አመልካችን የመክፈል አቅም ከግምት አያስገቡም፤ አብዛኞቹ ግን ያስገባሉ። ይህን የሰማ ልጅ ፈርቶ «ድጋፍ አልፈልግም» የሚለው ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ብዙ ኮሌጆች ደግሞ ሲያመለክት ድጋፍ ያልጠየቀ የውጭ ተማሪ በኋላ እንዲጠይቅ አይፈቅዱም። ይህን ውሳኔ ለልጁ ብቻ እንተውለት?

የመንግሥት ሠራተኛ፣ ከካዛንቺስ፦ እኔ የምጠይቀው፣ ለምን ስለ አሜሪካ ብቻ እንደምንጨነቅ ነው። በአገራችን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪው የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል፣ ይማራል፣ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ይከፍላል። ለዚህ ማንም ወርክሾፕ አልጠራንም።

ምሩቅ፣ ከአምስት ኪሎ፦ «ማንም አልጠራንም» ያሉት እውነት ነው፤ የተጎዳነውም በዚሁ ነው። ወጪ መጋራት ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ እኔ ግን ውሉን የፈረምኩት በምዝገባ ሰልፍ ላይ፣ ወረቀቱን ከፊቴ በቆመው ልጅ ጀርባ ላይ አስደግፌ ነው። ዕዳ መሆኑን በቅጡ የተረዳሁት ከተመረቅኩ በኋላ ዋናውን ዲግሪዬን ልወስድ ሄጄ ስከለከል ነበር። የወር ደመወዜ ለቤት ኪራይ እንኳ በማይበቃበት ጊዜ ያንን ገንዘብ ለማሟላት ስንት ወር እንደፈጀብኝ እኔ አውቃለሁ። አንድ ሰው ግማሽ ሰዓት ሰጥቶ ቢያስረዳኝ ኖሮ ከመጀመሪያው ደመወዜ ጀምሮ እዘጋጅበት ነበር።

የመንግሥት ሠራተኛ፣ ከካዛንቺስ፦ ወንድሜ፣ ሳያነቡ መፈረም የውሉ ጥፋት አይደለም።

ምሩቅ፣ ከአምስት ኪሎ፦ ጋሼ፣ በዚያ ሰልፍ ላይ ቆሞ የሚያነብ ተማሪ አይተው ያውቃሉ?

ባለሱቅ፣ ከፒያሳ፦ ወደ ጉዳዩ እንመለስ። መምህር፣ ቅጹን ልሙላ ብል እንኳ የእኔ ገቢ ያለው በደብተር ላይ ነው። ከባንክ የማመጣው የደመወዝ ማስረጃ የለኝም። በዚያ ላይ እስከ ሐምሌ 2016 አጋማሽ በባንክ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በአንዱ ሂሳብ ደህና ነጋዴ ነኝ፣ በሌላው ድሃ ነኝ። የትኛውን ነው የምጽፈው?

የተማሪ እናት፣ ከአራት ኪሎ፦ ይህንን ጥያቄ ልጅዎ ሊመልሰው ይችላል? ቅዳሜ ደብተርዎን ይዘው ይምጡና አብረን እንጠይቅ። በሩ ላይ ገንዘብ ከተጠየቀ እኔም ከእርስዎ ጋር ተነሥቼ እወጣለሁ።

ባለሱቅ፣ ከፒያሳ፦ ሱቁንስ ለማን ልተው? እስከ ዛሬ ቅዳሜ የሚጠብቅልኝ እኮ ያው ልጄ ነው።