ፑሽ ስታርት አስገጥሜ ሞተሩ ተነስቶ ወዲያው ይጠፋል፣ እባካችሁ ቶሎ

ኮሮላ 06፣ ከምሽቱ 1:40
ወንድሞች እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። አዳማ ላይ መኪናው ቆሞብኛል፣ ነገ ጠዋት 12 ሰዓት መንገድ አለኝ። ዛሬ ፑሽ ስታርት (በቁልፍ ፈንታ በበተን ማስነሻ) አስገጠምኩ። ፍሬን ረግጬ በተኑን ስጫን ሞተሪኖው (ማስነሻው) ይዞራል፣ ሞተሩ ይነሳል፣ ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ ግን ጥፍት ይላል። አስር ጊዜ ሞከርኩ፣ ያው ነው። የገጠመው ልጅ «ባትሪህ ነው» ብሎ ሄደ፣ አሁን ስልክ አያነሳም። ባትሪው ሁለት ወር እንኳ አልሞላውም። የትኛውን ሽቦ ልንካ?

ቀይ ሽቦ፣ 1:46
ባትሪ ነው። አዲስም ቢሆን አስር ጊዜ ከተመታ ይደክማል። ማሰሪያዎቹን ፍታ፣ በብሩሽ ጥረግ፣ አጥብቀህ እሰር። ጥቁሩ ሽቦ ቦዲው ላይ የታሰረበትንም እይ። መኪናው ቆሞ 12.6 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት። ሞተሪኖው ሲዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ወይ ባትሪው ወይ ማሰሪያው ነው።

ባለ ቴስተር፣ 1:51
ባትሪ ቢሆን ሞተሪኖው ነበር የሚከብደው፤ የተነሳ ሞተር በሁለት ሰከንድ አያጠፋም። ኮሮላ 06፣ ምንም ሽቦ እንዳትነካ። መጀመሪያ አንድ ነገር አይተህ ንገረን፦ ሞተሩ ሲጠፋ ዳሽቦርዱ አብሮ ይጨልማል ወይስ መብራቶቹ በርተው ይቀራሉ?

ከጨለመ፣ የሚያጠፋው የኪቱ፣ ማለትም ያስገጠምከው የፑሽ ስታርት ዕቃ ሳጥን ነው። ሳጥኑ ሞተሩ መነሳቱን የሚያውቅበት ምልክት አልደረሰውም፣ ወይም ከባትሪ የሚመጣለት ወፍራም ሽቦ ላልቷል። በርተው ከቀሩ ግን ሳጥኑ ሥራውን ሠርቷል፤ ቤንዚኑን ወይም እሳቱን የከለከለው የመኪናው ኮምፒውተር ነው። ሁለቱ መፍትሔያቸው አይገናኝም።

ያልነገርከን ደግሞ ብዙ ነው። ማንዋል ነው አውቶማቲክ? ከየት የመጣ ነው? የድሮው ቁልፍ አሁን የት ነው ያለው?

ሰባተኛ ማርሽ፣ 1:58
ይቅርታ አድርግልኝና፣ መጀመሪያውኑ ምን ጎድሎህ ነው በተን ያስገጠምከው? ቁልፍ አልዞር ብሎህ ከሆነ የተበላሸው የቁልፍ ቤቱ እንጂ መኪናው አይደለም። ቤቱ ውስጥ የተደረደሩት ትናንሽ የነሐስ ምላሶች በዕድሜ ይበላሉ፣ ቁልፉም ይበላል። ሰው ያንኑ የተበላ ቁልፍ ወስዶ ያስቀርጻል፣ አዲሱም ከነጉድለቱ ይወጣል። በፋብሪካው የቁልፍ ኮድ የተቀረጸ ቁልፍ ወይም የምላሶቹ መቀየር ብቻ ይበቃ ነበር። አሁን የፋብሪካ ሽቦ አስቆርጠህ፣ ከመኪናው ዕድሜ ጋር አብሮ የማይሄድ ሳጥን መሪህ ሥር አንጠልጥለሃል።

ሌላም አለ። ርካሽ ኪት ላይ መኪናው እየሄደ፣ እግርህ ፍሬን ላይ ሳለ በተኑ አንድ ጊዜ ከተነካ ሞተሩን የሚያጠፋ አለ። ሞተሩ ሲጠፋ መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑም ሁለት ሦስት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። መንገድ ከመውጣትህ በፊት ባዶ ሜዳ ላይ በ10 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሞክረው። በአንድ ንክኪ ከጠፋ፣ ያ ኪት የአዳማን አስፋልት ማየት የለበትም።

ኮሮላ 06፣ 2:07
ዳሽቦርዱ በርቶ ይቀራል። ትንሿ ቀይ መብራት ብልጭ ብልጭ ትላለች፣ ድሮ ቁልፍ ሳስገባ ትጠፋ ነበር። መኪናው ማንዋል ነው፣ ከአውሮፓ የመጣ 2006። ቁልፉ አልዞር እያለ ስላስቸገረኝ ነው ያስገጠምኩት። ልጁ መሪው እንዳይቆለፍ ብሎ ቁልፉን አዙሮ ጭንቅላቱን ቆረጠው፣ ብረቱ ቤቱ ውስጥ ቀርቷል። ቁልፍ ስለማያስፈልግ ችግር የለውም ብሎኛል።

ቀይ ሽቦ፣ 2:09
አሁንም ማሰሪያውን እይ እላለሁ።

የመርካቶ ዕቃ፣ 2:11
ወንድሜ፣ ጭንቅላቱን ቆርጣችሁ ነፍሱን ትፈልጋላችሁ እንዴ? የተቆረጠው ጭንቅላት የት ነው? መኪናው ቁልፉን የሚለይበት ቺፕ እኮ እዚያ ፕላስቲክ ውስጥ ነው ያለው!

ፍሪሲዮን፣ 2:13
ማንዋል?! ሁላችሁም ሌላውን ተዉና እዚህ ላይ ቁሙ። እንዲህ ዓይነቱ ኪት በአብዛኛው የሚሠራው ለአውቶማቲክ ነው። አውቶማቲክ ላይ ማርሹ ፒ (መቆሚያ) ወይም ኤን (ነጻ) ላይ ካልሆነ ወደ ሞተሪኖው የሚሄደው ሽቦ ራሱ ስለሚቋረጥ መኪናው ያለ ቦታው አይነሳም። ያንተ ላይ ይህን የሚከለክል የለም። አንደኛ ማርሽ አስገብተህ አቁመህ በተኑን ብትጫን፣ ወይም ሪሞቱ ላይ ያለው የርቀት ማስነሻ ኪስህ ውስጥ ቢጫን፣ መኪናው ወደፊት ይዘላል። ፊት ለፊቱ ልጅ ቢቆምስ?

ሁለት ነገር አድርግ። አንደኛ፣ የርቀት ማስነሻውን ሙሉ በሙሉ አውጣው፤ በአንዳንዱ ኪት ራሱን የቻለ ሽቦ አለው፣ በሌላው በሴቲንግ ይዘጋል። «የእጅ ፍሬን ሲያዝ ብቻ ነው የሚነሳው» ካሉህ አትመን፣ የእጅ ፍሬንና ማርሽ አብረው ሊያዙ ይችላሉ። ሁለተኛ፣ ከፍሬን መብራት ወደ ሳጥኑ የሚሄደውን ቀጭን ሽቦ በፍሪሲዮን ፔዳል ላይ በሚገጠም ስዊች በኩል አሳልፈው። ስዊቹ ፔዳሉ መጨረሻ ድረስ ሲረገጥ ብቻ የሚገናኝ ይሁን። ያኔ ፍሬንም ፍሪሲዮንም ካልተረገጡ አይነሳም።

ጋራዥ ቁጥር 4፣ 2:20
እኔ ግን ሽቦ የተቀያየረ ይመስለኛል። ቶዮታ ላይ ከባትሪ ወደ ቁልፍ ስዊች የሚመጡት ሁለት ናቸው፣ ኤኤም1 እና ኤኤም2። የሚወጡት ኤሲሲ (ለሬዲዮና ለመሳሰሉት)፣ አይጂ1 እና አይጂ2 (መኪናው ኦን ሲሆን ኃይል የሚሰጡ)፣ እና ኤስቲ (ለሞተሪኖው) ናቸው። ሞተሩን በሕይወት የሚያቆየው አይጂ2 ነው። ኪቱ ላይ ኦን1 እና ኦን2 የሚባሉ አሉ፣ በብዙ ኪት ኦን2 ሞተሪኖው ሲዞር ይቋረጣል። አይጂ2ን ኦን2 ላይ ካሰሩት ሞተሩ እየዞረ እሳት የለውም። አይጂ2 ኦን1 ላይ መሆን አለበት።

ባለ ቴስተር፣ 2:26
ጋራዥ ቁጥር 4፣ ያልከው ልክ ነው፣ ግን የዚህ መኪና በሽታ አይደለም። ያንተው ቢሆን ሞተሪኖው እየዞረ ሞተሩ አይነሳም ነበር፣ ወይም ሞተሪኖው ሲለቅ ብቻ ለመነሳት ይሞክር ነበር። ይሄ በደንብ ይነሳል፣ ከዚያ ይቆረጣል፣ ቀይዋ መብራትም ብልጭ ትላለች። ኢሞቢላይዘር፣ ማለትም የፋብሪካው የሌባ መከላከያ ነው። የመርካቶ ዕቃ አግኝቶታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቁልፍ ቤቱን አፍ የከበበው ጥቁር ፕላስቲክ ቀለበት ውስጥ የሽቦ ጥቅልል አለ። ቺፑ ባትሪ የለውም፣ ኃይሉን የሚያገኘው ከዚያ ጥቅልል ነው፣ መልሶም ኮዱን ይነግረዋል። ኮምፒውተሩ ኮዱን ካላገኘ ቤንዚኑን ይዘጋል። ያንተ መኪና ብረቱ ቤቱ ውስጥ ስላለ ቁልፍ ገብቷል ብሎ ያምናል፣ ቺፑን ይጠራል፣ መልስ የለም። የበተኑ ሪሞት ከዚህ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፣ እሱ የሚነጋገረው ከኪቱ ሳጥን ጋር ብቻ ነው።

ለዛሬ ማታ፦ የተቆረጠውን ጭንቅላት ፈልግ። ቀለበቱ ላይ አስጠግተህ ያዘው፣ ከሁለት ሳንቲ ሜትር አይራቅ። ፔዳል ሳትረግጥ በተኑን ሁለት ጊዜ ተጫን፣ አንዱ ኤሲሲ ነው፣ ሁለተኛው ኦን። ቀይዋ መብራት ብልጭ ማለቷን እስክታቆም ጠብቅ። ካቆመች ማርሹ ነጻ መሆኑን አይተህ፣ ፍሬንና ፍሪሲዮን ረግጠህ አስነሳ። ሳይጠፋ ከቆየ ነገሩ አልቋል፣ ጭንቅላቱን በናስትሮ እዚያው አስረህ መንገድህን ትሄዳለህ። ካላቆመች ጭንቅላቱን አገላብጠህ በጎኑ ሞክር፣ ቺፑ በአንዱ አቅጣጫ ነው በደንብ የሚነበበው።

ይሄ ግን ለአንድ ቀን ብቻ ነው። ቺፑን እዚያ ለጥፎ መተው ማለት የፋብሪካውን መከላከያ ለሌባ ማስረከብ ነው። ስትመለስ በትክክል አሠራው፦ ቺፑ መሪው ሥር በተደበቀ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ፣ ዙሪያውን ከ8 እስከ 10 ዙር ቀጭን ሽቦ ይጠቅለልበት፣ የሽቦው ሁለት ጫፍ ሄዶ የቁልፍ ቤቱን ቀለበት በዚያው ቁጥር ይዙር። መሀሉ ላይ በኦን1 የሚነሳ ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ) ይግባ። ሪሞትህ መኪናው ውስጥ ሲኖርና በተኑ ሲጫን ብቻ ሽቦው ይገናኛል፣ ሌላ ጊዜ ቺፑ እንደሌለ ነው። ካላነበበ ዙሩን ጨምር።

የመርካቶ ዕቃ፣ 2:31
ጭንቅላቱ ከጠፋ የብረቱን ምልክት እዩ። ነጥብ የተመታበት ከሆነ ቺፑ አብዛኛውን ጊዜ 4ዲ-67 የሚባለው ዓይነት ነው፣ ጂ ፊደል ከሆነ 4ዲ-72። ቺፕ የሚገለብጡ ቁልፍ ሠሪዎች አሉ፣ ግን የሚሠራ አንድ ቁልፍ እጅህ ላይ ካለ ነው የሚቀለው። ትርፍ ቁልፍ ቤት ካለህ እሱን አስመጣ፣ ለሳጥኑም እሱን ተጠቀም።

ሰባተኛ ማርሽ፣ 2:34
የመሪውን ነገር ማንም አላነሳም። የመቆለፊያው ምላስ መሪውን የሚይዘው ቁልፍ ሲነቀል ነው። ብረቱ ቤቱ ውስጥ እስካለ አይቆለፍም፣ ተንቀጥቅጦ ወደኋላ ተመልሶ ከወጣስ? በ80 እየሄድክ መሪህ ይያዛል። ወይ የመቆለፊያው ምላስ ተፈትቶ ይውጣ፣ ወይ ብረቱ እንዳይወጣ ሆኖ ይታሰር። ምላሱ ሲወጣ ደግሞ መኪናው ያለ መሪ ቁልፍ ነው የሚያድረው፣ የማርሽ መቆለፊያ ግዛ።

ቀይ ሽቦ፣ 2:36
ለማንኛውም ነገ ጠዋት ባትሪው አልቆ ቢገኝ እንዳትሉኝ። ኪቱ በደንብ ካልጠፋና ኤሲሲ በርቶ ካደረ 2 አምፒር ቢስብ እንኳ በ12 ሰዓታት ውስጥ 24 አምፒር ሰዓት ነው፣ የ45 አምፒር ሰዓት ባትሪ ከግማሽ በላይ። መኪናው ተቆልፎ ሲተኛ ከ50 ሚሊ አምፒር በታች መሆን አለበት። ቴስተሩን በጥቁሩ ማሰሪያና በባትሪው መሀል አስገብታችሁ ለኩ፣ በሩን ዘግታችሁ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ።

ባለ ቴስተር፣ 2:38
ይሄኛው ምክርህ ጥሩ ነው። ጨምሬበት፦ የኪቱ ወፍራም ሽቦዎች እንዴት እንደተቀጠሉ እይ። ተጠምዝዘው በናስትሮ ብቻ ከተጠቀለሉ ይግላሉ፣ ይላላሉ። በሶልደር ይበየዱ ወይም በብረት መቀጠያ ቱቦ ይጨበጡ። ከባትሪ የሚመጣው 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሁን፣ ባትሪው አጠገብ 30 አምፒር ፊውዝ ይግባበት። መሪው ሥር ቢጫ ሶኬት ካያችሁ የኤርባግ ነው፣ በቴስተርም በመፈተሻ አምፖልም አትንኩት። እዚያ ከመሥራታችሁ በፊት ጥቁሩን ማሰሪያ ፈትታችሁ 90 ሰከንድ ጠብቁ።

ኮሮላ 06፣ 2:44
ጭንቅላቱ ተገኘ! የበሩ ኪስ ውስጥ ጥሎት ነበር። ፕላስቲኩ ትንሽ ተሰንጥቋል፣ ቺፑ ይታያል፣ ጥቁር ናት፣ የተሰበረ አይመስልም። ቆዩኝ ልሞክር።

ፍሪሲዮን፣ 2:45
ማርሽ ነጻ! የእጅ ፍሬን ይያዝ!

ባለ ቴስተር፣ 2:46
ቺፗን በፕላየር እንዳትይዛት፣ ትሰበራለች። ከነፕላስቲኩ ያዛት።

አዲስ ገቢ፣ 3:05
እኔ ደግሞ ቪትዝ ላይ ላስገጥም ነው። መሪው ዱባይ የዞረ ነው፣ አውቶማቲክ። እኔም ቁልፌን ማስቆረጥ አለብኝ?

ጋራዥ ቁጥር 4፣ 3:12
አይ፣ እንዳታስነካው። መሪው የዞረ መኪና ላይ ሽቦው ከቀኝ ወደ ግራ ተቀጥሎ ስለመጣ ቀለም አይታመንም። አንድ በአንድ በቴስተር ለካ፦ ቁልፉ ጠፍቶም 12 ቮልት ያላቸው ኤኤም1 እና ኤኤም2፣ ቁልፉ ኤሲሲ ላይ ሲሆን ኃይል የሚያገኘውና ሞተሪኖው ሲዞር የሚቋረጠው ኤሲሲ፣ በኦንም በስታርትም የሚቆዩት ሁለቱ አይጂ፣ በስታርት ብቻ የሚመጣው ኤስቲ። ወረቀት ላይ ጻፍ፣ ከዚያ ነው ሽቦ መቁረጥ። ኢሞቢላይዘር እንዳለው ለማወቅ ደግሞ ቁልፉ ተነቅሎ ሲቆም ቀይ መብራት ብልጭ ይል እንደሆነ ዛሬ ማታ እየው።

ቀይ ሽቦ፣ 3:40
ኮሮላ 06፣ ተነሳ?

ባለ ቴስተር፣ 4:15
ኮሮላ 06፣ ከተነሳም ካልተነሳም ቀይዋ መብራት ምን እንዳደረገች ብቻ ጻፍልን።