እናቴ ዋርፋሪን ትወስዳለች፤ ሁዳዴ ከገባ ወዲህ አይኤንአሯ ወረደ። ጎመን ትተው?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ባሕር ዳር ነኝ፤ እናቴ ዘጌ ነው የምትኖረው። 58 ዓመቷ ነው። ከልጅነት የጉሮሮ ሕመም በመጣ ጣጣ አንዱ የልብ ቫልቯ ጠቧል፤ የልብ ምቷም የተዛባ ነው። ልቧ ውስጥ ደም እንዳይረጋ ተብሎ ዋርፋሪን ከጀመረች ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው። በየወሩ በጀልባ ትመጣና አይኤንአር (ደም ምን ያህል ዘግይቶ እንደሚረጋ የሚያሳይ ቁጥር) ትመረመራለች። ሐኪሟ ከ2 እስከ 3 ይሁን ብሏታል። እስከ ጥር 2.4 እና 2.6 ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን 1.6 ሆነና መድኃኒቱ ተጨመረላት።

ጎረቤቶቿ «ጎመን ላንቺ መርዝ ነው» ይሏታል። ጓሮዋ ደግሞ ሙሉ ጎመን ነው፤ በጾም ሌላ ምን ትብላ?

ሌላው ጉልበቷን ያማታል። ትናንት ልጠይቃት ሄጄ ትራሷ ሥር ዲክሎፌናክ አገኘሁ። ከጎረቤት የተቀበለችው ነው፤ ሦስት ፍሬ ጎድሏል። መፋቂያዋ ላይም ደም አየሁበት። ስጠይቃት «ድዴ ነው፣ ምንም አይደል» አለችኝ። አንዳንድ ቀን ዋርፋሪኑን ትረሳና በማግስቱ ሁለቱን አንድ ላይ ትውጣለች። ጨንቆኛል፤ የምታውቁ እርዱኝ።

መልስ፣ የፋርማሲ ባለሙያ፦

ወንድሜ፣ ከዲክሎፌናኩ ልጀምር። ዛሬውኑ ይቁም። ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ጨጓራን ያቆስላሉ፤ የደም ማቆሚያ ሕዋሳትንም ያዳክማሉ። ዋርፋሪን ላይ ሲደረቡ አይኤንአሩ ልክ ሆኖ እንኳ ሆድ ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል። ለጉልበታቸው ፓራሲታሞል ይሻላል፤ እሱም ለጥቂት ቀን። ባለ 500 ሚሊግራሙን በቀን አራት ፍሬ ለተከታታይ ቀናት ከወሰዱ አይኤንአር ከፍ ሊል ይችላል። ድዳቸው መድማቱንም ለክትትል ክፍሉ ሳትውል ሳታድር ንገር።

ወደ ጎመኑ ስመጣ፣ ዋርፋሪን ደም ማቅጠኛ ይባል እንጂ ደም አያቀጥንም። ጉበታችን በቫይታሚን ኬ እየታገዘ የሚሠራቸው ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖች አሉ፤ መድኃኒቱ እነሱን ነው የሚቀንሰው። ጎመንና ቆስጣ ቫይታሚን ኬ የሞላባቸው ናቸው። በፍስኩ በሳምንት አንዴ ጎመን ይበላ የነበረ ሰው በሁዳዴ በየቀኑ ሲበላ የመድኃኒቱ ጉልበት ይቀንሳል። የ1.6 ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል፤ የረሷቸው ቀናትም አሉበት።

ግን ጎመኑን አታስጥላቸው። በድንገት ማቆምም እንደ ማብዛቱ ሁሉ ቁጥሩን ያናጋል። በሳምንት ሦስት ቀን ከሆነ ሦስት ቀን፣ ያው መጠን፣ በጾምም በፍስክም።

እኔን ያሳሰበኝ ፋሲካ ነው። መድኃኒቱ የተጨመረላቸው በየቀኑ ጎመን እየበሉ ሳለ ነው። ፋሲካ ሲገባ ጎመኑ ቀርቶ ዶሮው ይመጣል፤ የተጨመረው ዋርፋሪን ግን ባለበት ነው። ያኔ ቁጥሩ ከ3 አልፎ ሊሄድ ይችላል። አረቄ በብዛት ከተጨመረበት ይብሳል። ስለዚህ ስለ ጾሙ ለሐኪሙ ንገረው፤ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንትም የምርመራ ቀጠሮ እንዲይዝላቸው ጠይቅ። መጠኑን ግን እናንተ እንዳትነኩት።

አንድ ነገር ልጨምር። ለአሜባ የሚታዘዘው ሜትሮኒዳዞል ከዋርፋሪን ጋር ሲገናኝ አይኤንአርን በኃይል ያንረዋል። ኮትሪሞክሳዞል የሚባለው አንቲባዮቲክም እንዲሁ። ሆዳቸውን አሟቸው ክሊኒክ ከገቡ መጀመሪያ የሚናገሩት «ዋርፋሪን እወስዳለሁ» ይሁን።

መልስ፣ ዋርፋሪን ስትወስድ 9 ዓመት የሆናት እህት፦

አይዞህ ወንድሜ፣ ይለመዳል። የኔ ቫልቭ ብረት ነው፤ ለኔ የተሰጠኝ ልክ ከ2.5 እስከ 3.5 ነው። የእናትህን ከሌላ ሰው ጋር አታወዳድረው፤ እንደ በሽታው ይለያያል።

እኔን ያዳነኝ ደብተር ነው። ቀን፣ የዋጥኩት መጠን፣ የአይኤንአር ውጤት፣ በቃ። ሁልጊዜ ከማታው 2 ሰዓት ዜና ጋር ነው የምውጠው። እንደዋጥኩ ምልክት አደርጋለሁ፤ ካለዚያ «ውጬ ይሆን?» እያሉ መጨነቅ ነው። አንዴ ሳልናገር ጥርስ አስነቅዬ ሌሊቱን ሙሉ ጥጥ ስቀይር አደርኩ። ከዚያ ወዲህ ዋርፋሪን እንደምወስድ የሚናገረው ካርዴ ከቦርሳዬ አይወጣም።

ለሴቶች እህቶቼ፦ ዋርፋሪን በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ጽንስን ይጎዳል። ልጅ ስታስቡ ከማርገዛችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ፤ በራሳችሁ ግን አታቋርጡት።

ሌላ ተሳታፊ፦

ምርመራ የማይፈልጉ አዳዲስ መድኃኒቶች አሉ አይደል? ሪቫሮክሳባን የሚባለው። ከዘጌ መመላለሱ ይቀርላቸው ነበር።

የፋርማሲ ባለሙያው፦

ለብዙ ሰው ጥሩ መድኃኒት ነው። እንደ እሳቸው ቫልቭ ለጠበበበት ግን አይመከርም። በ2022 ውጤቱ የወጣ፣ አፍሪካውያንም ያሉበት ከ4,500 በላይ የሩማቲክ (እንደ እሳቸው ከጉሮሮ ሕመም የመጣ) የልብ ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት ነበር። ዋርፋሪንና መሰሎቹን የወሰዱት ከሪቫሮክሳባን ወሳጆቹ ያነሰ ሞት ነው የታየባቸው። የብረት ቫልቭ ላለውም ሪቫሮክሳባን አይሰጥም።

መልስ፣ ነርስ፦

የረሱትን በዚያው ቀን ካስታወሱ ይዋጡት። ቀኑ ካለፈ ይተውትና የዕለቱን ብቻ ይውሰዱ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ፈጽሞ አይዋጡ። የተረሳውን ቀን ጻፉት።

ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ሽንት ከቀላ፣ ነስር 10 ደቂቃ ተይዞ አልቆም ካለ፣ ወይም ደም ካስመለሳቸው ቀጠሮ አትጠብቁ። ወድቀው ጭንቅላታቸው ከተመታ ላዩ ባይቆስልም ወዲያው ወደ ሆስፒታል። ባሕር ዳር ስትደርሱ ፈለገ ሕይወትም ጥበበ ግዮንም አሉላችሁ። 1.6 ዝቅ ያለ ስለሆነም አፍ ቢጣመም፣ አንድ እጅ ቢዝል፣ ንግግር ቢተሳሰር እንደዚሁ ሩጡ።

ለጉልበታቸው ዋግምት እንዳያስደርጉ አደራ። የሕመም ማስታገሻ መርፌም ጡንቻ ላይ አይወጉ፤ ደም ሥጋ ውስጥ ይቋጠራል። ጠበል ከሄዱ ክኒኑን ይዘው ይሂዱ።

ጠያቂው፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለክትትል ክፍሉ ደውዬ ስለ ዲክሎፌናኩም ስለ ድዷም ነገርኳቸው። «ነገ ጠዋት ይዘሃት ና» አሉኝ። በጠዋቱ ጀልባ ትመጣለች። ደብተሩን ገዝቻለሁ፤ የፋሲካውንም ቀጠሮ ነገ አስይዛለሁ። ሰገራዋ እንዳልጠቆረ እህቴ ጠይቃልኛለች። ውጤቱን እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።